ጥያቄና መልስ፦ ወንፊት የሚያውሰኝ ጎረቤት አጣሁ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ጌታን የተቀበልኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ እናቴ እስካሁን የሚካኤልን ዝክር ታወጣለች። ግቢያችን ውስጥ አምስት ተከራዮች አለን። ድሮ ቡና የምንጠጣው ተጠራርተን ነበር። አሁን በሬን አልፈውኝ ይሄዳሉ። ወንፊት እንኳ ስጠይቅ የለንም ይሉኛል። ልጄን ትምህርት ቤት "ጴንጤ" እያሉ ያስለቅሷታል። ባለፈው ወር አንድ ጎረቤታችን አርፈው ለቅሶ ልሂድ አልሂድ ስል ቀረሁ። እድሩም ስሜን ሊሰርዝ ነው ይባላል። እኛ ቤተ ክርስቲያን ያለ አንድ ወንድም ደግሞ "ከእነሱ ጋር አትቀላቀይ፣ የተለየሽ ሁኚ" ይለኛል። በጾም ሥጋ መሥራት ይቻላል? ተዝካር መብላትስ? በአጭሩ ከዚህ ሕዝብ ጋር እንዴት ልኑር? ወይስ ቤት ልቀይር?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ። በአጭሩ ብለሽኛል፤ አጭር መልስ ግን የለኝም። ቡናሽን አፍልተሽ አንብቢው።

ከለቅሶው ልጀምር። ሂጂ። አርባቸው ሳይወጣ ሂጂ። ዘገየሁ ብለሽ አትፍሪ፤ እኛ አገር ዘግይቶ የደረሰ ይወቀሳል እንጂ አይባረርም። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ ከቻልሽ ዳቦም ሽሮም ይዘሽ፣ ገብተሽ ቁጭ በዪ። ሰበብ አትደርድሪ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት ይበቃል። ሠርግ የቀረን ሰው ይረሱለታል፤ ለቅሶ የቀረን ግን እስከ ልጅ ልጅ ያወሱታል። ለዚያ ወንድም ደግሞ ሮሜ 12:15ን አሳዪው፦ «ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፥ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ።» የሚያለቅሰው ሰው የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ አጣርታችሁ አይልም። «የተለያችሁ ሁኑ» የሚለውም ቃል አለ፣ አልክድም። ጳውሎስ የተናገረው ግን ስለ ጣዖት ነው፤ ስለ ጎረቤት ሬሳ አይደለም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ገና እንዳመንኩ፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ከጎኔ አንዲት እማሆይ ይኖሩ ነበር። ቆሎ ይሰጡኝ ነበር፤ ሲያመኝ ጤና አዳም አፍልተው ያመጡልኝ ነበር። ፍልሰታ ገባ። እኔ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝቼ፣ በቅቤ እየጠበስኩ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ መዝሙር ለቅቄ! እማሆይ መጡና ቀስ ብለው «ልጄ፣ እባክህ በሩን ገርበብ አድርገው» አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? «ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፍ የሚገባው ሳይሆን ከአፍ የሚወጣው ነው» ብዬ ጥቅስ ጠቀስኩባቸው። ዝም ብለው ተመለሱ። ጥቅሱ እኔኑ እየከሰሰኝ እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ከአፌ የወጣው ነበርና ያረከሰኝ።

የዚያን ሰሞን በሬ ላይ ድንጋይ ተወረወረ። እኔም በየጸሎት ቤቱ እየዞርኩ «ተሰደድኩ» ብዬ መሰከርኩ። ሰው አለቀሰልኝ። ስለ ሥጋው ግን ትንፍሽ አላልኩም። እማሆይ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አረፉ።

ይህን የምነግርሽ ስደት የለም ለማለት አይደለም። አለ። በንጉሡ ዘመን ሙሉ ወንጌል እውቅና ተከልክላ ምዕመኖቿ ታስረዋል። ደርግ በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን አፍኖ ገድሏል፤ እሳቸው ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቢሰጣቸውም እረኛ መንጋውን ጥሎ አይሄድም ብለው የቀሩ ሰው ናቸው። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ጸሎት ቤቶች ታሽገው መሪዎቿ እስር ቤት ገብተዋል። ድንጋይ መወርወርም ምንም ቢያናድድ ወንጀል ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንዳንዴ ስደት ብለን የምንጠራው ነገር ግማሹ የራሳችን ባለጌነት ምላሽ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ሞንታርቦ እያስጮኹ አዳር ጸሎት አድርጎ፣ ጠዋት «ጎረቤት ጠላን» ማለት ምን የሚሉት ነው? ሁለቱን መለየት የኛ ሥራ ነው።

ደግሞ የት እንዳለሽ እወቂ። በ1999ኙ ቆጠራ በአገር ደረጃ ፕሮቴስታንቱ ከመቶ 18.6 ነበር። ጎንደር ከተማ ላይ ግን ከመቶ ሰው አንድ ብንሆን ነው። ኦርቶዶክሱ 84፣ ሙስሊሙ 12 ገደማ። ሐዋሳ ያለ ወንድምሽ የሚመክርሽ ምክር እዚህ ላይሠራ ይችላል።

ሰዉስ ለምን ይሸሸናል? ክፉ ስለሆነ አይደለም። ይህች ከተማ የተሠራችው በሃይማኖት ቁስል ላይ ነው። ታሪኩን ታውቂው ይሆናል፤ ግን ከራስሽ ኑሮ ጋር አያይዘሽ አስበሽው አታውቂ ይሆናል። አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን (በካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ትምህርት ተስበው እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። ቀጥሎ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ አለ፤ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ አለ፤ ቅዳሜን አታክብሩ አለ። ሕዝቡ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1632 ወይና ደጋ ላይ በአንድ ቀን 8,000 ያህል ሰው አለቀ ይባላል፤ የሞቱት ደግሞ የንጉሡ የራሳቸው ሕዝብ ናቸው። ሱስንዮስ እምነቱን ለሕዝቡ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ ጎንደርንም እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ቆረቆሩ። ቱሪስት ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ግንብ ከዚያ ደም በኋላ የመጣ ነው።

ስለዚህ ጎረቤትሽ «የፈረንጅ ሃይማኖት» ስትልሽ ዝም ብላ አትሳደብም። ሳታውቀውም ቢሆን አራት መቶ ዓመት የቆየ ፍርሃት ነው የሚናገረው። እኛ ካቶሊክ አይደለንም ብለሽ ብታስረጂ አይጠቅምሽም፤ ልዩነቱ ለእኛ እንጂ ለእሷ አይታያትም። የምትፈራው «እናቴንና አያቴን አልተጠመቁም፣ ከንቱ ነበሩ ሊለኝ ነው የመጣው» ብላ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስንቶቻችን እንደዚያ ብለናል?

በኛ በወንጌላውያኑ ታሪክም ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ። ሚሲዮናዊው ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 እዚሁ ጎንደር ገብቶ የአማርኛ ወንጌል ያድል ነበር። ከካህናቱም ከሕዝቡም ጋር ቁጭ ብሎ እየጠየቀ፣ እየተጠየቀ፣ ሳይሳደብ ይወያይ ስለነበር ሰው ቤቱ ድረስ ይመጣለት ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ኢዘንበርግ ትልቅ የቋንቋ ሊቅ ነበር። ጠባዩ ግን ግትር ነበር፤ ጾሙንም ሥርዓቱንም ፊት ለፊት ይነቅፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1838 ከነጓደኞቹ ከአድዋ ተባረረ። ነገሩ ፖለቲካም ነበረበት፤ ሁሉንም በጠባይ አላሳብብም። ግን ሁለቱም የያዙት ያንኑ ወንጌል ነበር።

እሺ፣ መልካም ሰው ሆኜ፣ ጠቃሚ ሆኜ ብኖርስ አይወዱኝም ወይ ትዪ ይሆናል። ብዙ አስተማሪ የሚነግርሽ ይህንኑ ነው፦ አገልግሉ፣ እርዱ፣ ልማት ሥሩ፣ ሕዝቡ ይቀበላችኋል። እኔ ግን ጎንደር ተወልጄ ይህ ብቻውን እንደማይሠራ አይቻለሁ። የቤተ እስራኤሎችን መንደር ወለቃን አስቢ። አይሁዳውያኑ ቤተ እስራኤሎች ለዚህ አገር ገበሬ ማረሻ፣ ማጭድና ዶማ ይቀጠቅጡለት ነበር፤ ሴቶቻቸው እንስራና ጀበና ይሠሩለት ነበር። ያለነሱ አያርስም፣ ያለነሱ ውኃ አይቀዳም፣ ቡና አያፈላም። ታዲያ ወደዳቸው? ማረሻውን ተቀብሎ እየሄደ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ማታ ጅብ ይሆናሉ ይል ነበር። ርስት ከልክሎ «ፈላሻ» አላቸው። እነሱም በበኩላቸው ሃይማኖታቸውን ለመጠበቅ «አትንኩን» የሚል ሥርዓት ነበራቸው፤ ከሌላው ጋር አይበሉም፣ ሌላው የነካቸው እንደሆነ ታጥበው ነው የሚገቡት። አልፈርድባቸውም፤ ያ አጥር ባይኖር ኖሮ እምነታቸው ለዚያ ሁሉ ዘመን ባልቆየ ነበር። ግን አንድ ነገር ያስተምረኛል። ገበሬውና ቀጥቃጩ ለብዙ መቶ ዓመት ተገበያዩ፤ አንድ ገበታ ላይ ግን አልተቀመጡም። ጥቅም ነበር፣ መተዋወቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ተኩል ቀን ውስጥ ወደ እስራኤል ተጭኖ ሲሄድ፣ ስንቱ ጎረቤት ነው ናፈቁኝ ያለው? ያለም ይኖራል። ብዙው ግን ማረሻው ነው የናፈቀው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም ንጹሕ አይደለንም። እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ ሚሲዮናውያኑ እነፍላድና እነስተርን ደምቢያ ጀንዳ ላይ ተቀምጠው ቤተ እስራኤሎችን ሲሰብኩ ነበር። የተለወጡትም በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የሚጠመቁት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከእነሱ እንደ ሚካኤል አረጋዊ ያለ ዕድሜውን በወንጌል የጨረሰ ሰው ወጥቷል፤ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ግን የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ገፊ ብሎ የሚያነሳው እኛንም ጨምሮ ነው። ተገፊ ነኝ የሚል ሰው አንዳንዴ መስተዋት ማየት አለበት።

እንግዲህ መጥቀም ብቻውን ካልበቃ ምን ይበቃል? ዮሐንስ 4ን ክፈቺ። አይሁድና ሳምራውያን ዕቃ እንኳ አይዋዋሱም። ጌታ ያችን ሴት ሲያገኛት መጀመሪያ የተናገረው ቃል ምንድን ነው? «ንስሐ ግቢ» አላለም። «ልርዳሽ» እንኳ አላለም። «ውኃ አጠጪኝ» ነው ያለው። ለመነ! የሰማይና የምድር ጌታ፣ መቅጃ እንኳ ሳይኖረው፣ የእሷን እንስራ ፈለገ። እሷም የደነገጠችው በዚህ ነው፦ አንተ ከኔ እንዴት ትጠጣለህ?

እህቴ፣ የኛ ሰዎች መስጠት እንወዳለን። ስትሰጪ ከላይ ነሽ። ስትለምኚ ግን ከታች ነሽ፣ የሰውዬው ደግነት ያስፈልግሻል፣ እሱም ሰው መሆንሽን ያያል። ለጎረቤትሽ ዘይት ብትገዢላት «ሃይማኖት ልታስለውጠን፣ ልትገዛን ነው» ትላለች። (ይህን ሐሜት ሳትሰሚ አልቀረሽም፤ «ጴንጤ በዘይትና በዱቄት ይገዛል» ይባላል፤ አንዳንድ ቦታም እውነት ነበር።) «እትዬ፣ ሽሮዬ አልሆን አለኝ፣ እስቲ አሳዩኝ» ብለሽ ብትሄጂ ግን ምን ትላለች? ደስ ነው የሚላት። ወንፊት መጠየቅሽ ትክክል ነበር። አንዷ የለኝም ስላለችሽ አትተዪ።

አንድ ነገር ግን ይሰመርበት። ይህን ሁሉ የምታደርጊው ማጥመጃ ለማድረግ ከሆነ አታድርጊው። ሰው ሲታጠመድ ያውቃል። ቡና የጠራሽው ለስብከት ከሆነ ሁለተኛ አይመጣም፤ ባይመጣም እውነቱን ነው። ጎረቤትሽ እስክትሞት ኦርቶዶክስ ሆና ብትኖር ቡናሽ ከሰረ ማለት አይደለም። ስለ እምነትሽ ከጠየቀችሽ መልሺላት፤ ጴጥሮስ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ ብሎ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ያለው ለሚጠይቁን ነው። ካልጠየቀችሽ ስለ ጤፍ ዋጋ አውሩ።

ወደ ዝርዝር ጥያቄዎችሽ ልግባ።

ጾም። ሥጋ መብላት ኃጢአት አይደለም፤ ሕሊናሽ ነጻ ነው። ግን አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ በሁዳዴ ቅቤ ማንጠርና ሥጋ መጥበስ ሌላ ነገር ነው። ያንቺ ነጻነት የሰው አፍንጫ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጳውሎስ መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ ከቶ አልበላም ያለ ሰው ነው፤ እኛ አምሳ አምስት ቀን ምን ይከብደናል? እኔ ቤት በሁዳዴ ሥጋ አይሠራም። እየጾምኩ ግን አይደለም፤ ሲጠይቁኝም እጾማለሁ ብዬ አልዋሽም። «እናንተን አክብሬ ነው» እላለሁ። ይህ ማስመሰል ነው የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። የማስመሰል ትርጉሙ ሳይጾሙ ጾምኩ ማለት ነው፤ እኔ እንዲህ አላልኩም። እንግዳ ስትጠሪ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን መሆኑን አትርሺ። በያይነቱ ሥሪ። በጾም ቀን ዶሮ አቅርቦ «ብሉ እንጂ» ከማለት የከፋ ስድብ የለም።

ተዝካር። እዚህ ላይ አማኞች አንድ አሳብ የለንም። እኔ የራሴን ልንገርሽ፦ እሄዳለሁ። ለሙታን የሚደረገውን ጸሎት አላምንበትም፤ ጸሎቱ ሲደርስ ባርኔጣዬን አውልቄ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ምግቡ ሲመጣ እበላለሁ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች፣ የማያምን ሰው ቢጠራችሁና ልትሄዱ ብትወዱ ከሕሊና የተነሣ ሳትመራመሩ ብሉ ብሏቸዋል። (ጎረቤቶችሽን የማያምኑ አልኩ ማለት አይደለም። እግዚአብሔርን በመፍራት እኔን የሚያሳፍሩ አባቶች በዚህ ከተማ አውቃለሁ።) ሕሊናሽ እምቢ ካለ አትብዪ፤ ግን በባዶ እጅሽ ቁጭ አትበዪ። ተነሺና አስተናግጂ፣ ውኃ አድርሺ፣ ሳህን እጠቢ። ሥራ የያዘን ሰው ለምን አልበላሽም ብሎ የሚያፋጥጥ የለም።

ቀብር ላይ ቅጥር ግቢው ውስጥ ግቢ። ፍትሐት ሲደርስ ከሴቶቹ ጋር ቁሚ። መስቀል የማትሳለሚ ከሆነ ቄሱ ፊት ደርሰሽ ፊትሽን አታዙሪ፤ ቀድመሽ ትንሽ ወደ ኋላ በዪ። የሶርያውን ሹም ንዕማንን አስታውሺ። ጌታው በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ እጁን ይዞ አብሮ ማጎንበስ እንዳለበት ለኤልሳዕ በግልጽ ነገረው፤ ኤልሳዕም በሰላም ሂድ አለው። ሙሉ ትምህርት አላስተማረውም። ሰላም ብሎ ሸኘው።

እድር። «ሊሰርዝ ነው ይባላል» አልሽኝ። ማን ነው ያለው? የእድሩን ዳኛ ጠየቅሻቸው? እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ አንብቢው። አንዳንዱ እድር በአንድ ታቦት ስም ስለተቋቋመ ደንቡ ራሱ ይከለክል ይሆናል፤ አብዛኛው ግን የሰፈር ነው፣ የሚጠይቀውም ወርሃዊ መዋጮና ለቅሶ መድረስ ነው። መዋጮሽ ካልጎደለ፣ ለቅሶ ካልቀረሽ፣ ምን ብለው ይሰርዙሻል? አሁን ለምን መጀመሪያ ለቅሶ ሂጂ እንዳልኩሽ ገባሽ? ከዚያ በኋላ ሁለት የሚከበሩ ሽማግሌ ይዘሽ ዳኛው ቤት ሂጂ፤ አንቱ ብለሽ፣ ዝቅ ብለሽ፣ ግን ግልጽ አድርገሽ ተናገሪ፦ «ስሞት ፍትሐት አድርጉልኝ አልልም፤ ድንኳን ትከሉልኝ፣ ልጄን አጽናኑልኝ ነው የምለው።» የመቃብር ቦታው ጉዳይ የእድሩ ሸክም አይደለም። እሱን ቤተ ክርስቲያናችን ከማዘጋጃ ቤት ጋር መጨረስ አለባት፤ እዚህ ላይ ሰነፎች እኛ ነን።

ጥምቀት ሲመጣ ብዙዎቻችን በር ዘግተን ቤት እንቀመጣለን፤ ወይ ከከተማ እንወጣለን። ለምን? ታቦቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ ዳር ቆመሽ ብታሳልፊ ማንም አይነካሽም። እንግዳ ከየአገሩ ይመጣል፤ ጥላ አጥቶ፣ ውኃ ጠምቶት። ከበርሽ ላይ ጀሪካንና ኩባያ አስቀምጪ። ትራክት (የስብከት ወረቀት) ግን አትጨምሪበት! አንድ ጊዜ የኛ ልጆች ውኃ ጋር ትራክት ሰጥተው ውኃው ሳይቀር ተደፋ። እኔ ብሆንም እደፋዋለሁ።

ስለ እመቤታችን ክፉ ቃል ከቤትሽ አይውጣ። በቀልድ እንኳ። «ጸረ ማርያም» የሚለው ስም የተለጠፈብን በአንዳንዶቻችን አፍ ነው። ሉቃስ ላይ «ትውልድ ሁሉ ብፅዕት ይሉኛል» ብላለች፤ ያ ትውልድ እኛንም ይጨምራል። ምልጃ ላይ ልዩነት አለን፣ አዎ። ልዩነትና ንቀት ግን አንድ አይደሉም።

ልጅሽን በተመለከተ ወደ ክፍል ኃላፊዋ መምህርት ለብቻሽ ሄደሽ ንገሪያት፤ ወላጆች በተሰበሰቡበት አይሁን፣ መምህርቷን በሰው ፊት አታሳፍሪያት። ልጅሽን ደግሞ «ጴንጤ» ስድብ እንዳልሆነ አስተምሪያት። «ክርስቲያን» የሚለውም ስም አንጾኪያ ላይ ሌሎች ያወጡልን ነው። «አዎ ነኝ፣ ገመድ እንዝለል?» ትበላቸው። ልጆች ናቸው፤ ገመዱ ያሸንፋል።

መብትሽንም እወቂ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትሽን ይጠብቃል። ቤትሽን ቢደበድቡ፣ ቢመቱሽ፣ ሽማግሌም ፖሊስም አለ። ጳውሎስ ሮማዊነቱን ጠቅሶ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል፤ ይህ እምነት ማጣት አይደለም። ግን ስልክሽን አውጥተሽ ቀርጸሽ «በጎንደር ክርስቲያኖች እየተሰደዱ ነው» ብለሽ እንዳትለጥፊ። የለጠፍሽው ሐዋሳና አሜሪካ ያለውን ያስቆጣል፤ ነገ ጠዋት ወፍጮ ቤት ሰልፍ የምትይዢው ግን ከነዚሁ ሰዎች ጋር ነሽ።

ሌላም የተገፋ ሰው ሲኖር አትራቂ። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በዚችው ከተማ በአንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ በተነሳው ግጭት ሰው ሲሞት፣ ንብረት ሲወድም፣ ከኛ ብዙው «እኛን አይመለከትም» ብሎ በሩን ዘጋ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፤ አዲስ ዓለም ያለ የሥራ ባልደረባዬን የደወልኩለት ከሳምንት በኋላ ነው። «ደህና ነኝ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። አዲስ ዓለም ራሷ የተመሠረተችው አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 በጠሩት ጉባኤ ሙስሊሙ ተለይቶ ይስፈር ስለተባለ ነው። በዚያው ጉባኤ ቤተ እስራኤሉም ተለይቶ ይኑር ተብሏል፤ ፈረንጅ ደግሞ ጭራሽ ይውጣ ተብሏል። ያኔ ብንኖር እኛም ከአንዱ ጋር ነበርን።

እናትሽን በደብዳቤሽ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው ያነሳሻት፤ ያውም ዝክሩን ለመንገር። ከጎረቤት ሁሉ የምትቀድመው እሷ ናት። በሚካኤል ቀን ማልደሽ ሂጂና እንጀራውን ጋግሪላት፤ ጠላውን ቅጂላት። «እማዬ፣ ጸሎቱ ሲደርስ እኔ ጓዳ እሆናለሁ፣ ሌላውን ሁሉ አዘዥኝ» በያት። ታለቅስ ይሆናል፣ ትቆጣም ይሆናል። ግን ጎረቤቶቿ ያዩሻል፤ እናቷን ያልጣለች ጴንጤ አዩ ማለት ነው። አዘዞ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ወሬው ግቢሽ ሳትደርሺ ይደርሳል።

ቤት ልቀይር ላልሽው፣ እጅ ያነሳብሽ ሰው ካለ ወይ ልጅሽ ላይ አደጋ ካለ ዛሬውኑ ውጪ፤ ጌታም በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዱአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሏል። ነገሩ መኮራረፍ ብቻ ከሆነ ግን ቆዪ። የትም ብትሄጂ ያው ግቢ ነው የሚጠብቅሽ። ኤርምያስ ባቢሎን ለተማረኩት ሰዎች ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ ብሎ ነው የጻፈላቸው። አንቺ ደግሞ ምርኮኛ እንኳ አይደለሽም፤ አገርሽ ነው።

ወንፊቱን ከጎንሽ ካለችው ከሁለተኛዋ ጎረቤት ጠይቂ፤ እሷም እምቢ ካለች ከሦስተኛዋ። ስትመልሺው ባዶውን እንዳይሆን፤ ከጋገርሽው ዳቦ ቆርሰሽ አብረሽ አድርሺ። ጾም ከሆነ ቅቤ አታስነኪው።